የጎዳና ውሾች መጠለያ በባሕር ዳር፦ ከጠዋት ጽዳት እስከ እብድ ውሻ ጥርጣሬ

በመጠለያ ውስጥ በሽታ ከክፍል ክፍል የሚዞረው ብዙውን ጊዜ በሰው እጅ፣ በቦቲ ጫማና በአካፋ ነው። ተቅማጥ የያዘው ቡችላ ያደረበትን ክፍል የጠረገ መጥረጊያ ሳይታጠብ ጤነኞቹ ጋ ከገባ፣ ለክትባትና ለመድኃኒት የወጣው ብር ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚያርፈው ማን ይቀድማል፣ ማን ይከተላል በሚለው ላይ ነው። ጤነኛ ቡችሎች ይቀድማሉ፤ ጤነኛ ትልልቆች ይከተላሉ፤ ከዚያ አዲስ ገቢዎች፤ መጨረሻ ላይ ሕመምተኞች። ጽዳቱም፣ ምግቡም፣ መድኃኒቱም፣ እንግዳ ማስጎብኘቱም በዚሁ መስመር ይሄዳል። ሕመምተኛ ክፍል ገብቶ የወጣ ሰው ልብስና ጫማ ሳይቀይር ወደ ቡችሎቹ አይመለስም።

ስንት ውሻ ትችላላችሁ?

ከመጀመራችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ለአንድ ውሻ ጽዳትና ምግብ ብቻ በቀን 15 ደቂቃ ይያዛል። ለ20 ውሾች 5 ሰዓት ነው፤ ለ40 ውሾች 10 ሰዓት። ይህ መድኃኒት መስጠትን፣ ቁስል ማጠብን፣ ቄራ ደርሶ መመለስን አይጨምርም። አንድ ዘበኛ ቀጥሮ 40 ውሻ መሰብሰብ ማለት ከ40ው ግማሹ በቆሸሸ ክፍል ይውላል ማለት ነው። በር ላይ በካርቶን ተደርገው የሚጣሉ ቡችሎችን እንቢ ማለት ይከብዳል፤ ግን ቦታ ሳይኖር የተቀበላችኋቸው አምስት ቡችሎች ውስጥ ያሉትን አሥራ አምስቱን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። ቁጥሩን ወስናችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉት። ከዚያ በላይ የመጣውን ክትባት ሰጥቶና አምክኖ በነበረበት ሰፈር፣ ከሚያበላው ሰው ጋር ማቆየት ይሻላል።

ግቢው

ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦዩ ማዘንበል አለበት። ቦዩ ከክፍሎቹ ውጭ ይሁን፤ የአንዱ ክፍል እጣቢ በሌላው ክፍል ውስጥ አያልፍም። ርካሽ ተብሎ በአንድ ቦይ ስድስት ክፍል ሲያያዝ፣ ከላይ ያለው ተቅማጥ ከታች ያሉትን ሁሉ ይጎበኛል። ግድግዳው ቢያንስ እስከ 1 ሜትር ከፍታ በሲሚንቶ ተለስኖ ዘይት ቀለም ይቀባ፤ የጭቃ ግድግዳ በምንም ነገር አይጸዳም። ለሁለት መካከለኛ ውሾች 2 በ3 ሜትር የሆነ ክፍል ይበቃል፣ በቀን ወጥተው የሚሮጡበት ሜዳ ካለ።

አጥሩ 2 ሜትር፣ ሥሩ ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል በድንጋይ የተሞላ ይሁን። ከውስጥ ውሻ ይቆፍራል፣ በከተማው ዳር ላሉ ግቢዎች ደግሞ ከውጭ ጅብ አለ። የመግቢያው በር ድርብ ቢሆን፣ ማለትም አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት፣ ምግብ ሲገባ እየሾለከ የሚወጣ ውሻ አይኖርም።

በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮ ሥር ያለ ውሻ ይቀቀላል። ከቆርቆሮው በታች አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አድርጎ የሣር ወይም የደንገል ኮርኒስ መዘርጋት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የደንገል ምንጣፍ ግን ለመኝታ አይመረጥም፤ በስንጥቁ ውስጥ መዥገር እንቁላሉን ይጥላል። መኝታው ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሆኖ በላዩ የጤፍ ጭድ ይነጠፍ። ጭድ ሲበክት ይቃጠላል፤ ብርድ ልብስ ግን ይታጠባል ተብሎ በክረምት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል።

ጠዋት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ባልዲ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ደብተር ይዞ ሁሉንም ክፍል በዓይኑ ያያል። የማታው ምግብ ተርፏል? ወለሉ ላይ ትውከት፣ ደም፣ ፈሳሽ ዓይነ ምድር አለ? ማን አልተነሳም? ትናንት ሰው ሲያይ የሚዘል ዛሬ ጥግ ይዟል? ከታጠበ በኋላ ማስረጃው ሁሉ ቦይ ገብቷል፣ የማን ተቅማጥ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ጽዳቱ እንዲህ ነው። ውሾቹን ወደ ሜዳ አውጡ። ዓይነ ምድሩን በደረቁ በአካፋ አንሱ፤ በጎማ ውኃ መግፋት በሽታውን ግድግዳው ላይ መርጨት ነው። ከዚያ በዱቄት ሳሙና ፈትጉ፣ በውኃ አጥቡ፣ ውኃውን በላስቲክ መግፊያ አውጡ። በረኪና የሚገባው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። መደበኛው 5% በረኪና አንድ እጅ ለ30 እጅ ውኃ ይቀላቀላል፤ ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውኃ ሁለት ሦስተኛ ሊትር ያህል ነው። 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ውሾቹ ይመለሱ።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? ብዙ ሰው በረኪናውን ቆሻሻው ላይ ይደፋዋል። ኩስና ምግብ ክሎሩን ይጨርሱታል፣ ሽታው ይቀራል፣ ቫይረሱም ይቀራል። ሁለተኛው በፈላ ውኃ መበጥበጥ ነው፤ ሙቀት ኃይሉን ያጠፋዋል። ሦስተኛው የትናንቱን መጠቀም፤ ድብልቁ በየቀኑ አዲስ ይሠራ፣ ዋናው ጠርሙስም ፀሐይ አይንካው። ሽንት ያለበት ወለል ላይ በረኪና ሲፈስ ደግሞ ዓይን የሚያቃጥልና የሚያስል ጋዝ ይወጣል፣ ስለዚህም ሽንቱ መጀመሪያ ይታጠባል። የሽንት ቤት አሲድ ወይም ሆምጣጤ ከበረኪና ጋር በአንድ ባልዲ ፈጽሞ አይገናኙም።

ለየክፍሉ ዓይነት የራሱ መጥረጊያ፣ አካፋና ባልዲ ይኑረው፤ እጀታው ላይ ባለቀለም ፕላስተር ጠቅልሉ፦ አረንጓዴ ለጤነኞች፣ ቢጫ ለአዲስ ገቢ፣ ቀይ ለሕመምተኛ። በር ላይ በሚቀመጥ የበረኪና ገንዳ ጫማ መንከር ያጸዳል ብሎ ማመን ብዙ ቡችላ አስበልቷል፤ ጭቃ ያለበት ጫማ በሁለት ሰከንድ ንክር አይነጻም። በቀይ ክፍል በር ላይ የማይወጣ ሌላ ጥንድ ቦቲ ማስቀመጥ ይሻላል።

ውኃ

አንድ ባለ 15 ኪሎ ውሻ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ የሚያጠባ እናትና ተቅማጥ ያለበት የበለጠ ይፈልጋሉ። ለጽዳት የሚሄደው ግን ከመጠጡ ብዙ እጥፍ ነው፤ ቧንቧ ሲጠፋ የማይጨነቅ ግቢ ቢያንስ የሦስት ቀን ውኃ በሮቶ ያስቀመጠ ነው። የመጠጫው ሳህን በየቀኑ ይፈተግ፤ እየጨመሩ ብቻ መሄድ ውስጡን አረንጓዴና አንሸራታች ያደርገዋል።

ከጣና በባልዲ መቅዳት ወይም ውሻን ዳር ላይ ማጠብ የሚያጓጓ ነው፣ ግን አይመከርም። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፣ የሚጎዳውም ውኃው ውስጥ የቆመውን ሠራተኛ ነው። ሌላ አማራጭ ከጠፋ፣ የተቀዳው ውኃ ቀንድ አውጣ የሌለበት መሆኑ ታይቶ 2 ቀን ሙሉ በተከደነ በርሜል ይቀመጥና ለማጠቢያ ይዋል። የግቢው እጣቢም ወደ ሐይቁ አይለቀቅም፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይግባ፣ ከማንኛውም የመጠጥ ውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

ምግብ

ከሆቴል የሚመጣው ትራፊ ትልቁ ችግር ሽንኩርቱ ነው። ወጣችን በሽንኩርት የቆመ ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ በመቀቀል መርዙ አይጠፋም። የውሻውን ክብደት ግማሽ በመቶ የሚያህል ሽንኩርት በአንድ ጊዜ መብላት ይመርዘዋል፤ ለ15 ኪሎ ውሻ 75 ግራም፣ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽም ይጠራቀማል። ድድ ይገረጣል፣ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ውሻው ይደክማል፣ ሰው ደግሞ ትል ነው ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለወጥ ቤቱ ክዳን ያለው ንጹሕ ባልዲ ስጡና ወጥ ያልነካው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና የሥጋ ቁርጥራጭ ብቻ ለይተው እንዲያጠራቅሙ ተነጋገሩ። አስተናጋጁን ሳይሆን ሳህን የሚያጥበውን ሰው አነጋግሩ፤ ባልዲው የሚሞላው በእሱ እጅ ነው። የሻገተ እንጀራ፣ የሻገተ በቆሎና ፋጉሎ ከነጭራሹ አይግቡ፤ የሻጋታው መርዝ ጉበት ይገድላል፣ በእሳትም አይጠፋም። የዶሮ አጥንትም ከተቀቀለ በኋላ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

የራሳችሁ ድስት ግን ያስፈልጋል። የሚከተለው ለ10 ትልልቅ ጤነኛ ውሾች፣ እያንዳንዳቸው 15 ኪሎ ገደማ፣ የአንድ ቀን ምግብ ነው፦

ስብርባሪ ሩዝ 1.5 ኪሎ
ሳንባ፣ ልብና የታጠበ ጨጓራ 2 ኪሎ
ዱባ ወይም ካሮት ግማሽ ኪሎ
ዘይት 150 ሚሊ ሊትር
የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት 6 የሻይ ማንኪያ

ስብርባሪ ሩዝ ከፎገራ ሜዳ የሚመጣ ነው፣ በወረታ ወፍጮዎች ከሙሉው ሩዝ ይረክሳል። ሥጋውን በአውራ ጣት ልክ ቆርጣችሁ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅሉ። ሩዙን በዚያው መረቅ አብስሉት፣ ዱባውን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ዘይቱና ቅርፊቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይገባሉ። ጨው፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት የለም። ቅርፊቱ ታጥቦ፣ በምጣድ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ይላም፤ እሱ ካልገባ ሥጋና ሩዝ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየም አጥሮት እግሩ ይጣመማል። ጉበት ከሥጋው አንድ አሥረኛ አይለፍ። ድስቱ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ይወጣዋል፤ ለአንድ ውሻ 650 ግራም፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ቡችሎች በክብደታቸው ልክ የትልቁን እጥፍ ይበላሉ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፤ የምታጠባ እናት ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ። ከመጠኑ ይልቅ የጎድን አጥንቱን እመኑ፦ በእጅ ሲዳሰስ የሚታወቅ፣ በዓይን ግን የማይቆጠር ከሆነ ልክ ነው።

ጥሬ የሆድ ዕቃ አትስጡ። በበግ፣ በከብትና በፍየል ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት በውሻ አንጀት ውስጥ የትንሽ ኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በኩሱ ወጥቶ ሰው ውስጥ ሲገባ ደግሞ በጉበትና በሳንባ ላይ ዕጢ መሰል ከረጢት ያበቅላል። በበዓል ማግስት ሰፈሩ ሁሉ አንጀትና ሳንባ ሲጥል በመጠለያው በር ላይ በነጻ የሚከመረውም ሁሉ ወደ ድስት ይግባ፣ ወይም ይቀበር።

የምግብ ዕቅድ ከጾም ጋር መሄድ አለበት። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ ሳንባና ጨጓራ ይጠፋል፤ ይህን ያላሰበ መጠለያ ሁለት ወር ሩዝ ብቻ ያበላል፣ ፀጉርም በሰኔ ይረግፋል። በጾሙ ከላይ ያለውን ድስት እንዲህ ቀይሩት፦ 1 ኪሎ ደረቅ ሽምብራ ወይም ባቄላ አድሮ ተዘፍዝፎ በእጅ እስኪፈርስ ይቀቀል፣ 10 የተቀቀለ እንቁላል ይጨመር፣ ሩዙ ወደ 900 ግራም ይቀንስ፣ ዘይቱና ዱባው እንዳሉ ይቆዩ። ለውጡን በአንድ ቀን አታድርጉ፤ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ካልገባ ሽምብራ ሆድ ይነፋል።

የሐይቁ ዳር ጥቅም ዓሣ ነው። ከሚያርዱት ዘንድ ጭንቅላትና የተገፈፈ አጥንት በርካሽ ይገኛል። የአምባዛን የጎን እሾህ በፒንሳ ቁረጡ፤ ጉሮሮ ይወጋል። ግማሽ ሰዓት ቀቅላችሁ አጥሉት፣ ሥጋውን በእጅ ልቀሙ፣ መረቁን ሩዝ አብስሉበት፣ አጥንቱን ቅበሩ። ቀረሶ በጣም ቀጭን አጥንት አለው፣ ለመልቀም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አምባዛ ይሻላል። ጥሬ ዓሣ አይሰጥም። ትሉ አለ፣ በነጭ ዓሣ ዘር ውስጥ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አለ፣ ሲቀቀል ግን ይጠፋል።

ሲመገቡ እያንዳንዱ በራሱ ሳህን፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር ተራርቆ፣ ጉልበተኛው ታስሮ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሳህኑ ይነሳል። ያልበላው ስሙ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ሁለት ተከታታይ ምግብ የተወ ውሻ ለሐኪም ይታያል፣ ቡችላ ከሆነ አንዱም ይበቃል።

አዲስ ገቢ

አዲስ ውሻ ከሌሎቹ ተለይቶ 14 ቀን ይቆያል። መጀመሪያ ቀን የሚሠራው፦ መመዘን፣ ጥርስና ድድ ማየት፣ መዥገር መልቀም፣ ቁስልና ብልት ማየት፣ የትል መድኃኒት፣ ሦስት ወር ከሞላው የእብድ ውሻ ክትባት፣ ፎቶና ካርድ። ከብልቷ ወይም ከብልቱ ደም የሚንጠባጠብ፣ እንደ አበባ ጎመን ያለ ሥጋ የወጣበት ከሆነ በመጋባት የሚተላለፍ ዕጢ ነው፣ በጎዳና ውሾች ላይ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ መርፌ፣ ከአራት እስከ ስድስት ዙር ይድናል፤ መርፌው ከደም ሥር ከወጣ ሥጋ ስለሚያበሰብስ ለሐኪም ብቻ የሚተው ነው።

የሚናከስ ውሻ ለመመርመር አፉ በፋሻ ይታሰራል። አንድ ሜትር ያህል ፋሻ ውሰዱ፣ በመሃሉ ልቅ ቋጠሮ ሠርታችሁ አፍንጫው ላይ አጥብቁ፣ ጫፎቹን ከአገጭ በታች አሳልፋችሁ አንድ ጊዜ ቋጥሩ፣ ከጆሮ ጀርባ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ። የመጨረሻው ከተረሳ ውሻው በመዳፉ ገፍቶ ያወልቀዋል። አፉ የታሰረ ውሻ ማለክለክ ስለማይችል ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይ፣ በፀሐይ ውስጥ በፍጹም፤ የሚያስታውክም አይታሰር።

ቡችሎች ከተወለዱ በ2ኛው ሳምንት የትል መድኃኒት ይጀምራሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 3 ወር፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 6 ወር። ለኮሶ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው። እጅ ላይ ያለው አልበንዳዞል ብቻ ቢሆን እንኳ ለውሻ ደጋግማችሁ አትስጡ፣ መቅኔ ይጎዳል።

ፓርቮ፣ እከክ፣ መዥገር

ያልተከተበ ቡችላ ምግብ ትቶ፣ አስታውኮ፣ ከዚያ ጠንካራ ሽታ ያለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካመጣ ፓርቮ (ቡችሎችን የሚገድል የአንጀት ቫይረስ) ነው ብላችሁ ወዲያው ወደ ቀይ ክፍል አግቡት፤ ምርመራ እስኪመጣ አይጠበቅም። የሚገድለው የውኃ ማነስ ነው። ትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርቋል። ካላስታወከ ለምለም (ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) በአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ በጥብጣችሁ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በየ15 ደቂቃው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ከጉንጩ ጎን ጠብ አድርጉለት። የሚያስታውክ ከሆነ ግን በአፍ የገባው ይወጣል፣ ክሊኒክ ሄዶ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠው። ቫይረሱ አፈር ውስጥ እስከ ዓመት ይቆያል፣ አፈር ደግሞ በበረኪና አይነጻም፤ ፓርቮ የያዘው ቡችላ የረገጠው ሜዳ ላይ ለዓመት ያልተከተበ ቡችላ አይውል።

ለእከክ የሚታዘዘው አይቨርሜክቲን ብዙ ውሻ የሚገድለው በነጥብ ስሕተት ነው። ለከብት የሚሸጠው 1% መርፌ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው። በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም የታዘዘለት ባለ 10 ኪሎ ውሻ የሚወስደው 0.2 ሚሊ ሊትር ነው፣ 2 አይደለም። ስለዚህ በባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ብቻ ይለካ፣ ውሻው በሚዛን ይመዘን፣ ከሳምንት በፊት የተመዘነበት አይቆጠር። ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማል። የ6 ሳምንት ያልሞላው ቡችላ አይወስድም።

መዥገር በጆሮ ውስጥ፣ በጣቶች መካከልና በአንገት ሥር ይፈለግ። በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ጋዝ ወይም ክብሪት አያስፈልግም። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን በግምት በጥብጦ ውሻ ማጠብ ለሃጭ የሚያዝረበርብና የሚያንቀጠቅጥ መመረዝ ያመጣል። ድዱ የገረጣ፣ ከአፍንጫው የሚደማ፣ መዥገር የበዛበት ውሻ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ያዝለታል፣ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ለ28 ቀን፤ በአምስተኛው ቀን ተነስቶ ሲሮጥ አይቋረጥ፣ ሁልጊዜም ከምግብ ጋር ይሰጥ።

ለሰው የሚሸጥ ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም፣ ለውሻ አይሰጥም። ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ያቆማል።

በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ቁስል ውስጥ ትል ይገባል። ፀጉሩን ላጩ፣ ትሉን በወረንጦ አንድ በአንድ ልቀሙ፣ አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 9 ግራም ጨው (አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ) ሟሙቶ ቁስሉ ይታጠብ፣ በየቀኑም ይታይ። አንድ ትል የቀረበት ቁስል በማግስቱ ከፍቶ ይገኛል።

እብድ ውሻ

ለመጠለያ ሠራተኛ ሁሉ ቅድመ ክትባት የግድ ነው፦ በ0 (በሚጀመርበት) ቀንና በ7ኛው ቀን ሁለት መርፌ። ያልተከተበ ሰው ውሻ አይዝም፣ ምግብ ያቀብል ወይም ደብተር ይያዝ።

የ14 ቀኑ ማቆያ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ዋስትና አይሰጥም፤ በሽታው ከተነከሰበት ቀን እስከሚታይበት ብዙ ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይወስዳል። የሚጠረጠረው ሁልጊዜ የሚሮጥና የሚነክስ ውሻ አይደለም። ዝም ያለ፣ ጨለማ የሚፈልግ፣ አገጩ ወርዶ ለሃጭ የሚያዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ ውሻም ያው ነው። አደጋው እዚህ ነው፦ ሰው አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። መዋጥ ያቃተውን ውሻ ማንም በአፉ አይፈትሸው፤ ክፍሉ ይዘጋ፣ ሐኪም ይጠራ።

ሰው ከተነከሰ ወይም ለሃጩ የተላጠ ቆዳ፣ ዓይን ወይም አፍ ከነካ፣ ቁስሉ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል። በሰዓት ቁጠሩት፤ ሰው 15 ደቂቃ ያጠበ እየመሰለው ሁለት ደቂቃ ነው የሚያጥበው። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል አይደረግበት፣ አይታሰር። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ፤ ክትባቱ በ0፣ በ3፣ በ7 ቀን እያለ ይቀጥላል፣ የቀረውን ቀን ባለሙያው ይወስናል። ጸበል የሚሄድ ሰው ከጸበሉ በፊት ክትባቱን ይጀምር፣ ጸበሉ ከክትባቱ ጋር አይጣላም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን በሽታው መድኃኒት የለውም።

የነከሰው ውሻ ጤነኛ ቢመስል ለብቻው ተዘግቶ 10 ቀን ይጠበቃል፣ በእነዚያ ቀናት አይከተብም፣ አንድ የተከተበ ሰው ብቻ ይመግበዋል። 10ኛውን ቀን ጤነኛ ሆኖ ካለፈ ሲነክስ በለሃጩ ቫይረስ አልነበረም። ከታመመ ሐኪሙ ያለ ሥቃይ ይገድለዋል። በድንጋይና በዱላ ጭንቅላቱን መምታት ሁለት ጥፋት አለው፦ ደምና ለሃጩ ይረጫል፣ ለምርመራ የሚያስፈልገውም አንጎሉ ይፈርሳል። ጭንቅላቱን የሚቆርጠው ባለሙያ ነው፤ በድርብ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ በበረዶ ሳጥን፣ ሳይደርቅ ሳይጠነክር፣ ይላካል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመረምራል። የሞተውን ውሻ ባዶ እጁን የያዘ ሰው አይኑር፤ በጥልቅ ጉድጓድ፣ ከውኃ ርቆ ይቀበር።

የውሾቹ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ። በበረዶ ሳጥን ስትወስዱት ጠርሙሱ በረዶውን አይንካ፣ በጨርቅ ይለይ፤ በረዶ የሠራ ክትባት እንደ ሞቀው ሁሉ ይበላሻል። ከግቢው ውጭ ያሉት የሰፈር ውሾችም ይከተቡ፤ በአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ካልተከተቡ በሽታው አጥሩን አልፎ ይመጣል።

ማምከን

ሴቷ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ትሞቃለች (ወንድ ትፈልጋለች)፣ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ እርግዝናው 63 ቀን ነው። ያልመከኑ ወንዶች ካሉ የሞቀች ሴት ለብቻዋ ትዘጋ፤ ውጊያውም ከዚያ ነው የሚመጣው። ቀዶ ጥገና ከመደረጉ በፊት ትልቅ ውሻ ከማታ ጀምሮ ምግብ አይቀምስም፣ ቡችላ ግን ከ4 ሰዓት በላይ አይጹም፣ ስኳሩ ይወርዳል። ከማደንዘዣ ሲነሳ በጎኑ ይተኛ፣ ሙቀት ይኑረው፣ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ውኃም አይሰጠው። ክሩ የሚወጣው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ከሌላ ውሻ ጋር አይሩጥ፣ ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ ከባልዲ ተቆርጦ የተሠራ ቀለበት ይደረግለት።

ለአሳዳጊ ማስረከብ

ዘበኛ ይሆናል ብሎ ለሚወስድ ሰው ውሻ ከመስጠታችሁ በፊት ግቢውን እዩ፦ አጥሩ ይዘጋል? ጥላና ውኃ የት ነው? ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ሊያስረው ነው? ያልመከነና ያልተከተበ ውሻ አይወጣም፤ በኋላ አመጣዋለሁ የሚል አብዛኛውን ጊዜ አያመጣም። ካርዱ ላይ ክብደቱ፣ የክትባቱ ቀንና የሚደገምበት ቀን፣ የመጨረሻው የትል መድኃኒት፣ የነበረበት በሽታ፣ እየበላ የነበረው ምግብና መጠኑ ይጻፍ። የሁለት ቀን ምግብ አብሮ ይሰጠው፣ አዲሱን ምግብ በሳምንት ውስጥ እያቀላቀሉ እንዲያለምዱት ይነገር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከግቢ ያለ ገመድ አይውጣ፤ ሰፈሩን ገና ስላላወቀ በሩ ሲከፈት ወደ መጠለያው ሊመለስ ይሮጣል፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ ይገጨዋል።